ከ«ፍሬንድስ» ስድስት ተዋንያን በትወና ማን ይበልጣል?

የማታ ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁ። «ፍሬንድስ» የተባለውን የአሜሪካ ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ ድራማ) ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ እንደገና እያየሁት ነው። አስሩንም ሲዝን የጨረሰ ሰው እዚህ እንደሚበዛ ስለማውቅ ታሪኩን አልተርክም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ከስድስቱ በትወና ችሎታ የሚበልጠው ማን ነው?

ማን ያስቃል አላልኩም፤ ስድስቱም ያስቃሉ። ማንን ትወዳላችሁም አላልኩም፤ ጆይን የማይወድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የማወራው ስለ ሙያው ነው። የተጻፈለትን ቃል ከራሱ ሆድ የወጣ አስመስሎ የሚናገር፣ ሌላው ሲናገር ከልቡ የሚያዳምጥ፣ ሰውነቱን እንደፈለገ የሚያዝ ማን ነው?

የእኔ መልስ ሮስን የሚጫወተው ዴቪድ ሽዊመር ነው። ሮስን ብዙ ሰው አይወደውም። ይነጫነጫል፣ ይቀናል፣ «እኔ ነኝ ልክ» ማለት ያበዛል። ገጸ ባህርዩን መጥላት ግን ሌላ፣ ተዋናዩን መመዘን ሌላ ነው።

በአምስተኛው ሲዝን የቆዳ ሱሪ ለብሶ ሴት ቤት የሄደበትን ክፍል አስታውሱ። ይሞቀዋል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ያወልቀዋል። ከዚያ ሱሪው ወደ ላይ አልወጣ ይለዋል። ለጆይ ደውሎ ምክር ይጠይቃል። ፓውደር ይነሰንሳል፣ ቅባት ይጨምራል፣ ነገሩ ይባስ ይለጠፋል። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ከስልኩ በቀር የሚያግዘው የለም። ሽዊመር ታዲያ አንዴም «እዩኝ፣ እያሳቅኳችሁ ነው» የሚል ፊት አያሳይም። የምር ጨንቆታል። ክብሩን ላለማጣት የሚታገል ሰው ነው የምናየው፣ የምንስቀውም ለዚያ ነው።

በአሥረኛው ሲዝን ደግሞ ጆይና የቀድሞ ፍቅረኛው ሬቸል ሲሳሳሙ ካየ በኋላ «ምንም አልሆንኩም» እያለ እራት የሚጋብዝበት አለ። ድምፁ በየዓረፍተ ነገሩ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። ልቡ የተሰበረ ሰው ነው፣ እኛ ግን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ሁለቱን በአንድ ጉሮሮ ማስኬድ የሚችል ተዋናይ ብዙ የለም።

ሰውየው ከቴአትር ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1988 ቺካጎ ውስጥ ሉኪንግግላስ የተባለውን የቴአትር ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ሰውነቱ ያስታውቃል።

ሳቅ በሳቅ፦

ሽዊመር ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ፊቢን የምትጫወተው ሊሳ ኩድሮው ባለችበት ግን እሱን አንደኛ ማለት ይከብደኛል።

ፊቢን መጀመሪያ ወረቀት ላይ አስቧት። እናቷ ራሷን አጥፍታለች። አባቷ ጥሏቸው ሄዷል። በልጅነቷ ጎዳና ላይ አድራለች። ይህ የለየለት የሐዘን ታሪክ ነው። ኩድሮው ያንን ሁሉ እንደ ተራ ወሬ ጣል እያደረገችው ታልፋለች፣ ሰው ይስቃል። የሚገርመኝ ሐዘኑ ከሥር አለመጥፋቱ ነው። ትንሽ ወደዚህ ብታጋድል ፊቢ እብድ ትሆናለች። ትንሽ ወደዚያ ብታጋድል ሁላችንም እናለቅሳለን። አስር ዓመት ሙሉ መሐሉን ይዛ ቆየች።

ኡርሱላንም አትርሱ። ኩድሮው «ፍሬንድስ» ከመጀመሩ በፊት «ማድ አባውት ዩ» በሚባል ሲትኮም ላይ ኡርሱላ የምትባል አስተናጋጅ ነበረች። ሁለቱም ድራማዎች በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለሚታዩ ደራሲዎቹ መንታ እህትማማች አደረጓቸው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚታዩባቸውን ትዕይንቶች እዩ። ያው ፊት፣ ያው ድምፅ። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ግን ገና አፏን ሳትከፍት ታውቃላችሁ። ኡርሱላ ሰው ስታይ ዓይኗ ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም። ልብስና ፀጉር ያመጣው ልዩነት አይደለም ይሄ።

ከስድስቱ መጀመሪያ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት የወሰደችውም እሷ ናት። 1998 ላይ፣ በረዳት ተዋናይት ዘርፍ። ሸላሚዎቹም አይተዋል ማለት ነው።

ቅዳሜ ምሽት፦

ቻንድለርን የሚጫወተው ማቲው ፔሪ። ነፍሱን ይማር። ሌላ ምን ይባላል? የቻንድለርን ንግግር ለሌላ ተዋናይ ስጡት፣ ግማሹ ቀልድ እዚያው ይሞታል። ማንም ያልጠበቀው ቃል ላይ ጫን ብሎ የሚናገራት ነገር ድራማው የሰጠው አይደለም። ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር ሲቀልድ ያዳበራት ናት።

የማታ ተመልካች፦

ቅዳሜ ምሽት ወንድሜ፣ እኔም የሚያጠራጥረኝ እዚያው ላይ ነው። አነጋገሩ የራሱ ከሆነ ፔሪ ራሱን ነው የተጫወተው ማለት አይደል? ራስን መሆን ከትወና እኩል ይቆጠራል?

ቅዳሜ ምሽት፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን መልስ አለኝ። የመጀመሪያው ሲዝን ሰባተኛ ክፍል፣ 1994። ኒውዮርክ ላይ መብራት ይጠፋል። ቻንድለር የባንክ ገንዘብ ማውጫ ማሽን ያለበት ትንሽ ክፍል ውስጥ ከአንዲት ታዋቂ ሞዴል ጋር ይቆለፍበታል። በደስታ መናገር ያቅተዋል።

አሁን ልብ በል። ያችን የታወቀች አነጋገሩን ቀምተውታል። ከአፉ የሚወጣው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ የቀረው በሐሳቡ የሚሰማ ድምፅ ነው። ለጓደኞቹ ደውሎ የደረሰበትን ሲነግራቸው እንኳ ልጅቷ እንዳትሰማ አፉን ገጥሞ ነው የሚያወራው። ፔሪ ያለው መሣሪያ ዓይኑ፣ ትከሻውና የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ክፍሉን ግን ይዞት ይሄዳል። ራሱን ብቻ የሚጫወት ሰው አነጋገሩን ስትወስድበት ባዶውን ይቀራል። ፔሪ አልቀረም።

ሌላም ልጨምር። በመጨረሻው ሲዝን ለቻንድለርና ለሚስቱ ለሞኒካ ልጇን በጉዲፈቻ ልትሰጣቸው የነበረችው ወጣት እናት ስለ ማንነታቸው እንደዋሿት ስታውቅ ቻንድለር ብቻውን ተመልሶ ያነጋግራታል። ሞኒካ ምን ዓይነት እናት እንደምትሆን ይነግራታል። ቀልድ የለም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ዓመታት ሙሉ ከነገር ሁሉ በቀልድ ሲያመልጥ የኖረ ሰው ማምለጡን ሲያቆም ታያለህ። ያንን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ይቆማል።

መድረክ ላይ የኖርኩ፦

ልጆች፣ ክርክራችሁን በደስታ እያነበብኩት ነው። ብዙ ዘመን በቴአትር ሥራ ስላሳለፍኩ ከዚያ በኩል የሚታየኝን ልናገር።

ይህ ድራማ በብዛት የተቀረጸው በርባንክ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ተመልካች ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። ካሜራዎቹ ብዙ ናቸው፣ ተዋናዩ ግን እንደ መድረክ ተዋናይ ነው የሚሠራው። አንድ ቀልድ ካላሳቀ ደራሲዎቹ እዚያው ይቀይሩታል። ተዋናዩ አዲሱን ቃል ወዲያው ይዞ ይወጣል። ስለዚህ እነዚህ ስድስት ልጆች ሁሉም የማስታወስና የመፍጠን ብቃት አላቸው። ይህ መነሻው ነው።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። ተመልካች ሲስቅ ተዋናይ መጠበቅ አለበት። ሳቁ ካላለቀ ቀጣዩ ቃል አይሰማም። ታዲያ በዚያች ክፍተት ምን ትሠራለህ? ደካማ ተዋናይ ቆሞ ይጠብቃል። ጎበዙ በገጸ ባህርዩ ውስጥ ሆኖ መኖሩን ይቀጥላል፤ ያስባል፣ ይናደዳል፣ ዕቃ ያነሳል። እንግዲህ ይህን ስትመለከቱ እስካሁን ማናችሁም ስሟን ያልጠራችኋት ሴት ትታያችኋለች። ሞኒካን የምትጫወተው ኮርትኒ ኮክስ።

የሞኒካ ቤት መናኸሪያው ነው። አምስቱ እየገቡ እየወጡ ይቀልዳሉ፣ ቤቱን ቤት የምታደርገው እሷ ናት። ምግብ እየሠራች፣ ዕቃ እያነሳች፣ የሌላውን ቀልድ በትክክለኛው ሰዓት እየተቀበለች። ጎል ያገባውን ሁሉም ያጨበጭብለታል፤ ኳሱን ማን እንዳቀበለው የሚያየው ጨዋታውን የሚያውቅ ነው። ኮክስ አቀባይ ናት። በመድረክ ሥራ ከዚህ የሚከብድ ቦታ አላውቅም።

ሰባተኛው ጓደኛ፦

ጋሼ፣ የተናገሩትን አክብሬ ልቃወምዎት። በመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ስለ ኮክስ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ከሰባተኛው ሲዝን በኋላ ግን ሞኒካ ትጮኻለች። ጽዳት፣ ውድድር፣ ጩኸት። ያቺ የተረጋጋች ሴት የት ገባች? ኮክስም አብራት የጮኸች ይመስለኛል፤ በትንሽ ድምፅ የሚያልፈውን በትልቁ ትለዋለች።

ለእኔ ከስድስቱ ደረጃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልወረደው ኩድሮው ብቻ ናት። ሮስም ወደ መጨረሻው በዝቶበታል። ጆይም እንደዚያው።

መድረክ ላይ የኖርኩ፦

ትክክለኛ ትችት ነው፣ ልጄ። ጽሑፉ እየጠበበ ሲሄድ ተዋናይ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ያሳንሰዋል፣ ወይ እስከ ጥግ ይገፋዋል። ኮክስ ገፋችው። እኔ ድፍረቷን አደንቃለሁ፣ አንተ ጩኸቱ ይታይሃል። ሁለታችንም ያየነው ያንኑ ነገር ነው።

ጥግ ያለችው፦

ጋሼ ስላነሷት እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እኔ ስለ ኮክስ ለመጻፍ ነበር የመጣሁት።

አስቡት፣ ከስድስቱ ለ«ፍሬንድስ» ሥራዋ የኤሚ እጩ ሆና የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። አምስቱ ቢያንስ አንዴ ታጭተዋል። ሽዊመር 1995 ላይ፣ ፔሪ 2002 ላይ፣ ጆይን የሚጫወተው ማት ሌብላንክ ከ2002 እስከ 2004 ሦስት ዓመት በተከታታይ። ኩድሮውና ሬቸልን የምትጫወተው ጄኒፈር አኒስተን ደግሞ አሸንፈዋል። ኮክስ ምንም። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ሲጀመር እኮ ከስድስቱ በይበልጥ የምትታወቀው እሷ ነበረች። አዘጋጆቹ ሬቸልን እንድትጫወት ነበር ያሰቧት፣ እሷ ግን ሞኒካን ነው የምፈልገው አለች። በጣም የሚታየውን ቦታ ትታ ጠንካራውን መረጠች።

ከካሜራ ውጪም አስተዋጽኦዋ ትልቅ ነው። «ሳይንፌልድ» የተባለ ሌላ ሲትኮም ላይ በእንግድነት ሠርታ ስለነበር እዚያ ተዋንያኑ እርስ በርስ እንደሚተራረሙ አይታለች። ይህንን ለአምስቱ ነገረቻቸው። እኛም እንደዚያ እንሁን፣ አንዳችን ለአንዳችን «እንዲህ ብትለው ይሻላል» እንባባል አለች። በተዋንያን ዓለም ሌላውን ተዋናይ ማረም ነውር ነው። እነዚህ ግን ተስማሙ። እናንተ የሽዊመር፣ የፔሪ እያላችሁ የምትቆጥሩት ቀልድ ውስጥ የስንቱ እጅ እንዳለበት ማን ያውቃል?

ትወናዋን ካነሳን፣ ለንደን ላይ ከቻንድለር አልጋ ውስጥ ብቅ ያለችበት ቅጽበት አለ። ስቱዲዮው በጩኸት ተናጋ፤ ደራሲዎቹ ራሳቸው ያን ያህል አልጠበቁም ነበር። ሳቁና ጩኸቱ አላልቅ ሲል ሁለቱን እዩዋቸው። ጋሼ ያሉትን ነው የሚያደርጉት። አይደናገጡም፣ ከገጸ ባህርያቸው አይወጡም፣ ይጠብቃሉ። ሞኒካና ቻንድለር ጥንድ ሆነው የቀጠሉት ከዚያ ምሽት ወዲህ ነው።

ሳቅ በሳቅ፦

ጥግ ያለችው እህቴ፣ የሽልማቱን ነገር ስታነሺ አንድ ማስታወሻ። ብዙ ዓመት ስድስቱም ተስማምተው ስማቸውን የሚያስገቡት በረዳት ተዋናይ ዘርፍ ነበር። ማንም ራሱን ዋና አላለም። ወደ ዋና ተዋናይ ዘርፍ የተሻገሩት 2002 ላይ ነው። ያኔ አኒስተን አሸነፈች፣ ድራማውም በዚያው ዓመት የምርጥ ኮሜዲ ሽልማት ወሰደ። ስለዚህ በኤሚ ብቻ መመዘን ይከብዳል።

ቅዳሜ ምሽት፦

ሳቅ በሳቅ፣ ቀደም ሲል የኩድሮውን ኤሚ ማስረጃ አድርገህ ያመጣኸው አንተ ነህ እኮ።

ሳቅ በሳቅ፦

ለኩድሮው የሚመሰክረው ብዙ ነው፣ ኤሚው ተጨማሪ ነው። ለሌሎቹ አለመሸለም ግን ማስረጃ አይሆንም። ልዩነት አለው።

ሰባተኛው ጓደኛ፦

አኒስተንን ካነሳችሁ አይቀር፣ እሷ ላይ ፍርዳችሁ ምንድን ነው? ፀጉሯ እንጂ ትወናዋ አይወራም። ይህ ግፍ ነው።

2001 ላይ የታየውን የስምንተኛውን ሲዝን መጀመሪያ ክፍል ክፈቱ። የሞኒካና የቻንድለር ሠርግ ነው። ሦስቱ ሴቶች መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሬቸል የእርግዝና ምርመራዋን ውጤት እየጠበቀች ነው። ራሷ ማየት ስለፈራች ፊቢ ታያለች። «የለም፣ አላረገዝሽም» ትላታለች። ሬቸል መጀመሪያ ደስ ያላት ለመምሰል ትሞክራለች። ጥሩ ነው፣ እንኳን ሆነ ዓይነት ነገር ትላለች። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ይፈርሳል። ልጁን ፈልጋው እንደነበር ለራሷም የገባት አሁን ነው። ታለቅሳለች። ፊቢ ያኔ እውነቱን ትነግራታለች፤ አርግዘሻል። የዋሸቻት የልቧን እንድታውቅ ብላ ነው።

በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አኒስተን ፍርሃት፣ የውሸት ደስታ፣ ሐዘን፣ ድንጋጤና እውነተኛ ደስታ ታልፋለች። አንዱም ከአንዱ ጋር አይጣረስም። አንድም ጊዜ ትወና አይመስልም። ኤሚ ያሸነፈችውም በዚያው ሲዝን ነው።

ጥግ ያለችው፦

በዚያ ትዕይንት ኩድሮውንም እይ ሰባተኛው ጓደኛ። ስትዋሻት ዓይኗ ከሬቸል ላይ አይነሳም። እየጠበቀች ነው። ውጤቱን ከሬቸል ፊት ላይ ነው የምታነበው።

የማታ ተመልካች፦

ይህ ትዕይንት ደስ የሚል ምርጫ ነው፤ አኒስተንን ዝቅ አድርጌ ያየሁ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም እሷና ሽዊመር ሁለቱ ብቻ የሚፋጠጡበት፣ ለእኔ የድራማው ሁሉ ቁንጮ የሆነ ክፍል አለ። 1997፣ ሦስተኛው ሲዝን፣ የሚለያዩበት ሌሊት።

ሮስ ከሌላ ሴት ጋር አድሯል። ሬቸል አወቀች። ሳሎን ውስጥ ይጣላሉ፣ ይለማመጣሉ፣ እንደገና ይጣላሉ። አራቱ ጓደኞች ሞኒካ መኝታ ቤት ውስጥ ሳያስቡት ተይዘው መውጣት አልቻሉም። ደራሲዎቹ ሳቁን ሁሉ ወደዚያ ክፍል ልከውታል። ሳሎን የቀረው ሕመሙ ብቻ ነው።

የሲትኮም ተመልካች ለመሳቅ ነው የመጣው። ሁለቱ ግን ያንን ስቱዲዮ ጸጥ ያሰኙታል። ሽዊመር ተንበርክኮ ወገቧን አቅፎ ሲለምናት ምንም ዓይነት የኮሜዲ ነገር ሰውነቱ ላይ የለም። ያ የቆዳ ሱሪው ሰውዬ ነው ይሄ? አዎ እሱ ነው። አኒስተን ደግሞ ትወደዋለች፣ ግን ፊቱን ማየት አልቻለችም። የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መልስ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ተዋናይን የምመዝነው ከሳቅ ወደ ዕንባ ሲሻገር ድልድዩ ይታያል ወይስ አይታይም ብዬ ነው። ሽዊመር ላይ አይታየኝም።

መድረክ ላይ የኖርኩ፦

እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ የማታ ተመልካች። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከበሩ ጀርባ ያሉትን አራቱንም እዩ። የሚያስቁን እነሱ ናቸው፣ ግን ቀስ በቀስ እነሱም ዝም ይላሉ። ሳቁን የት ላይ ማቆም እንዳለባቸው ያውቃሉ። አንዳቸው አንድ ቀልድ አብዝተው ቢናገሩ ሳሎን ያለው ነገር ሁሉ ይበላሽ ነበር።

ቅዳሜ ምሽት፦

ሌብላንክን ግን ረሳችሁት።

ሳቅ በሳቅ፦

ሌብላንክ ጥሩ ነው፣ ግን ጆይ አንድ ዓይነት ነው። ምግብ፣ ሴት፣ አለማወቅ።

ቅዳሜ ምሽት፦

አይደለም ወንድሜ! መጀመሪያ ጆይ ያን ያህል ነገር የማይገባው ተደርጎ አልተጻፈም ነበር። ሌብላንክ ሲጫወተው ነው ያ ነገር የመጣው። ሞኝ ሰው መጫወት ቀላል ይመስላል። ብዙ ተዋናይ ሞኝ ሲጫወት «እኔ ራሴ እንደዚህ አይደለሁም» የሚል ምልክት ይሰጣል። ሌብላንክ አይሰጥም። ጆይ ነገሩ እስኪገባው ድረስ ያለችውን ክፍተት እዩ። ሐሳቡ ሲመጣ፣ ሲጠፋ፣ እንደገና ሲመጣ በፊቱ ላይ ይነበባል።

ፊቢ ፈረንሳይኛ ስታስተምረውስ? እየቆራረጠች ስትነግረው በትክክል ይላል። ሙሉውን አንድ ላይ በል ስትለው ምንም ቋንቋ ያልሆነ ነገር በሙሉ ልብ ያወጣል። ያንን ያለ ጥርጥር፣ ያለ ማፈር መናገር ራሱ ችሎታ ነው። ደግሞ አስቡ፣ ጆይ ተዋናይ ነው። በዚያ የቀን ተከታታይ ድራማ ላይ ዶክተር ሆኖ ሲተውን ሌብላንክ መጥፎ ተዋናይ የሆነን ሰው ነው የሚተውነው። መጥፎ ትወናን በጥሩ ሁኔታ መተወን ሞክሩትና ንገሩኝ።

2002 ላይ ደግሞ ምግብ ቤት ውስጥ ለሬቸል እንደሚወዳት ሲነግራት እዩት። እምቢታው ሲገባው ራሱን ሰብስቦ እሷን ያጽናናታል። ጆይ እንደዚያ ሲሆን ሌላ ሰው አልሆነም፤ ያው ጆይ ነው፣ የተጎዳ ጆይ።

ሳቅ በሳቅ፦

የምግብ ቤቱ ትዕይንት ላይ እስማማለሁ። እዚያ ሌብላንክ በጣም ትልቅ ነው።

ጥግ ያለችው፦

ከድራማው በኋላ የሠሩትንስ እንቆጥራለን? ኩድሮው «ዘ ካምባክ»ን ሠራች፣ እዚያ ላይ ያሳየችው ትወና ለእኔ ከፊቢም ይበልጣል። ሽዊመር 2016 ላይ በኦ. ጄ. ሲምፕሰን ችሎት ድራማ ሮበርት ካርዳሺያንን ተጫውቶ ለኤሚ ታጭቷል። ሌብላንክ በ«ኤፒሶድስ» 2012 ላይ ጎልደን ግሎብ ሽልማት ወስዷል።

የማታ ተመልካች፦

እኔ አልቆጥርም። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፣ ግን ጽሑፉም ዳይሬክተሩም ሌላ ነው። ስድስቱን እኩል ያደረጋቸው ይህ ድራማ ብቻ ነው። ያው ደራሲዎች፣ ያው ቤት፣ ያው ተመልካች። ደመወዛቸው እንኳ ከ1996 ጀምሮ እኩል ነበር፤ አብረው ነው የተደራደሩት። እንደዚህ ዓይነት እኩል መመዘኛ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ሰባተኛው ጓደኛ፦

እሺ፣ በዚሁ ድራማ ውስጥ እንጨርሰው። ሁሉም የሚፈተኑበት አንድ ክፍል ምረጡና እዚያ ላይ እንፍረድ። እኔ 1999 ላይ የታየውን፣ ሁሉም ሞኒካና ቻንድለር በምሥጢር ጥንድ መሆናቸውን የሚያውቁበትን እመርጣለሁ።

ሳቅ በሳቅ፦

ፍርዱ እንግዲያው ተሰጥቷል! ፊቢ ቻንድለርን ለማጋለጥ ስትል ታሽኮረምመዋለች፣ እሱም እንደማያውቅ ሆኖ ይመልስላታል። ሁለቱም ያስመስላሉ፣ ሁለቱም ሌላው እያስመሰለ መሆኑን ያውቃሉ። ኩድሮው ማሽኮርመም የማትችል ሴት ለማሽኮርመም ስትሞክር ነው የምትጫወተው። እጇ የት እንደሚቀመጥ አታውቅም። ዳንሷን አስታውሱ። ከዚያ ቻንድለር ሞኒካን እወዳታለሁ ብሎ ሲፈነዳ ፊቷን እዩ። ጨዋታው በአንዴ ከፊቷ ላይ ይጠፋል፣ ለጓደኞቿ መደሰት ይመጣል። በአንዲት ቅጽበት ነው የሚሆነው።

ቅዳሜ ምሽት፦

ያንን ቅጽበት የሰጣት ማን ነው? ፔሪ! «እወዳታለሁ» የሚለው ቃል ሲያመልጠው እሱም እየሰማው ያለ ይመስላል። ትዕይንቱ የሁለቱ ነው፣ ግን ያገላበጠው እሱ ነው።

ጥግ ያለችው፦

ሞኒካ መታጠቢያ ቤት ተደብቃ እየሰማች ነበር። ቃሉን ሰምታ ስትወጣ ኮክስ አትሮጥም። ቀስ ብላ ነው የምትመጣው። የሚጮኸውን ሁሉ ለሌሎቹ ትታ ዝም ብላ ታየዋለች። ትጮኻለች ላላችሁኝ ይኸው።

መድረክ ላይ የኖርኩ፦

እኔ ድምፄን ለኩድሮው እሰጣለሁ። ኮክስን እወዳለሁ፣ ሥራዋም የሚገባውን አላገኘም። ግን ፊቢን የሚያህል አስቸጋሪ ገጸ ባህርይ በዚያ ቤት ውስጥ የለም። ሌሎቹ አምስቱ በሕይወታችን የምናውቃቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። ፊቢን የሚመስል ሰው ማንም አያውቅም፣ ሁላችንም ግን እናምናታለን። ያንን እምነት ያመጣችው ተዋናይቷ ናት።

የማታ ተመልካች፦

ጋሼ፣ ፍርድዎን አከብራለሁ። እኔ ግን ሽዊመር ላይ እቆያለሁ፣ ምክንያቴም በዚሁ ሰባተኛው ጓደኛ በመረጠው ክፍል ውስጥ አለ። መጨረሻውን እዩት። ሮስ በንዴቱ ምክንያት ከሥራው ታግዶ ነበር። አሁን አለቃውን አዲሱ ቤቱ ጋብዞ ተረጋግቻለሁ፣ ተለውጫለሁ እያለው ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ ትከሻው የወረደ። አለቃው አምኖታል። እኛም አምነነዋል። ከዚያ በመስኮት ማዶ እህቱን ሞኒካንና የቅርብ ጓደኛውን ቻንድለርን አብረው ያያል።

የምሥጢሩን ታሪክ አምስቱ ተካፍለው ሠርተውታል። ከዚያ ለሽዊመር የደረሰችው ያቺ ጥቂት ደቂቃ ናት። በአንድ ትንፋሽ ከመነኩሴ ወደ እብድ ይሻገራል፣ ክፍሉንም የሚዘጋው የእሱ ጩኸት ነው። እስቲ ዛሬ ማታ መልሳችሁ እዩትና ድልድዩ የት ጋ እንደሆነ አሳዩኝ።